የፋጡማ ራጅና የእኔ ሳል

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖቼ። ጌታ ይባረክ። ምስክርነት አለኝ ብዬ ስሜን ካስመዘገብኩ ቆይቻለሁ። ተራዬ ሲደርስ ደግሞ «ዛሬ ደክሞኛል፣ ለሚቀጥለው እሑድ ይሁንልኝ» እያልኩ ሳስተላልፍ ከረምኩ። ዛሬም ደክሞኛል። እውነት ልናገር ስለቆምኩ ከዚሁ ልጀምር ብዬ ነው። ሰው ድካሙ እስኪለቀው ከጠበቀ የጌታን ሥራ ሳይናገር ሊቀር ነው። እስቲ ያንን ወንበር ወደዚህ አቅርቡልኝ፣ ተቀምጬ ልናገር። ተባረክ ወንድሜ።

እልልታችሁንም ለጊዜው አቆዩልኝ። የሚባልበት ቦታ ሲደርስ እኔው እነግራችኋለሁ።

ግማሾቻችሁ የምታውቁኝ ፋጡማ ብላችሁ ነው። ዛሬ ጠዋት እንኳ አንዲት እህት በሩ ላይ «ፋጡማዬ፣ እንደምን አደርሽ» ብላ ስማኛለች። ስሜ ፋጡማ አይደለም፣ ወገኖቼ። ውባለም ነኝ። ኮሶዬ የሚባል የደጋ አገር ልጅ ነኝ፣ አያቴም ቄስ ነበሩ። እንዴት ፋጡማ እንደሆንኩና ጌታ እንዴት ከዚያ እንዳወጣኝ ነው የምነግራችሁ።

አረብ አገር ስሄድ ጤነኛ ነበርኩ። ሃያ ሊትር ጀሪካን በጀርባዬ አዝዬ የኮሶዬን ዳገት እየዘፈንኩ እወጣ ነበር። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ በር እስከዚህ መድረክ ስመጣ ሁለት ጊዜ ቆሜያለሁ፣ አይታችኋል። ያኔ ግን ሳንባ የሚባል ነገር እንዳለኝም አላውቅም ነበር። ጤነኛ ሰው ስለ ሳንባው ምን ያስባል!

መጀመሪያ የገባሁበት ቤት ውል ነበረው። ውሉ ግን የአሠሪዬ የማዳሟ ነው፣ የእኔ አልነበረም። ፓስፖርቴን ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት፣ በሩንም ቆለፈችብኝ። አንድ ዓመት ተኩል እንደሠራሁ ወጥቼ ጠፋሁ። ከዚያ በኋላ የውጭ ሥራ የምንለውን ጀመርኩ። ዛሬ አንዱን ቤት፣ ነገ ሌላውን ቤት እየዞሩ ማጽዳት ማለት ነው። ወረቀት የለኝም፣ ውልም የለኝም። አለቃዬ ስልኬ ነበር።

ይህንን ያልሠራበት ሰው አይረዳውም። ስልኩ ከጮኸ ሥራ አለ፣ ካልጮኸ የለም። አንድ ቀን «ዛሬ አሞኛል» ካልሽ ያ ቤት በማግስቱ ሌላ ሴት አለው። አይጣሉሽም፣ አይቆጡሽም፣ ዝም ብለው አይደውሉም። እኔ ገላዬን ስታጠብ እንኳ ስልኩን በፌስታል ጠቅልዬ አጠገቤ አስቀምጥ ነበር። ቁጭ ብዬ የበላሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። አቤት ጌታ ሆይ፣ ያን ሁሉ ቀን እንዴት አሳለፍከኝ!

ሥራው ደግሞ በበረኪና ነው። በረኪናው ብቻውን የሸክላውን እድፍ ስለማያስለቅቅ አሲድ እንቀላቅልበታለን። መታጠቢያ ቤት ገብተሽ፣ ሽታው ወደ ሳሎን እንዳይሄድ በሩን ዘግተሽ ነው የምትፈትጊው። ዓይንሽ ያለቅሳል፣ ጉሮሮሽ ይቃጠላል። ሁላችንም እንስላለን። ስም እንኳ አውጥተንለት ነበር፣ «የበረኪና ሳል» እንለዋለን። ስለዚህ የእኔ ሳል ሲጀምር ማንም አልደነገጠም፣ እኔም አልደነገጥኩም።

ግን የምትስል ሠራተኛ ማን ይፈልጋል? ልጆች አሉ፣ ሽማግሌ አለ። ስለዚህ መሳልን ተማርኩ። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው፣ የሚማሩት ነገር ነው። ሳሉ ሲመጣ የምንጣፍ መጥረጊያውን ማሽን አስነሳለሁ፣ በድምፁ ውስጥ እስላለሁ። ማሽኑ ከሌለ ቧንቧ እከፍታለሁ። ሽንት ቤት ከሆንኩ ውሃ እለቅበታለሁ። አንዷ ማዳም «አንቺ ንጽሕና ትወጃለሽ፣ ምንጣፉን በቀን ሦስት ጊዜ ትጠርጊያለሽ» ብላ አመስግናኛለች። እኔ ግን መሳሌ ነበር።

አሁን ወደ ፋጡማ ልምጣ። ፋጡማ የወሎ ልጅ ናት፤ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። እሷ ሕጋዊ ነች፤ የመኖሪያ ካርድ አላት፣ ክሊኒክም በካርዷ ትታከማለች። እኔ ስልና ስመነምን አይታ አንድ ቀን ካርዷን በእጄ አስጨበጠችኝ።

«ሂጂና ታዪ» አለችኝ።

«ፎቶው ያንቺ አይደለም እንዴ?»

«ሻሽሽን እስከ ግንባርሽ ሳቢው። ለእነሱ ሁላችንም አንድ ነን፣ ወላሂ። አይዞሽ፣ አብሽሪ።»

እኔ እዚህ አንገቴ ላይ የመስቀል ንቅሳት አለኝ፣ እናቴ በልጅነቴ ያስነቀሰችኝ። ሻሹን አንገቴ ድረስ ጠቅልዬ ሄድኩ። «ፋጡማ!» ሲሉ «አቤት» አልኩ። ደረቴን ራጅ አነሱኝ፣ ሽሮፕ ሰጥተው አሰናበቱኝ።

ሳምንት ሳይሞላ በፋጡማ ስልክ ተደወለ። ሳንባሽ ላይ ያየነው ነገር አለ፣ ቶሎ ነይ አሏት። ሁለታችንም ክው አልን። ወገኖቼ፣ እዚያ አገር ሳንባ ላይ የሆነ ነገር ከተገኘ ካርዱ ይሰረዛል፣ ሴትየዋም ወደ አገሯ ትሸኛለች። የሚሰረዘው ደግሞ የፋጡማ ካርድ ነው። እኔን ልትረዳ ብላ እንጀራዋን ልታጣ ነው።

ምን አደረገች መሰላችሁ? ራሷ ሄደች። በራሷ እግር ሄዳ፣ የራሷን ደረት ራጅ አስነሳች። የእሷ ሳንባ ንጹሕ ነው። ሐኪሙ ሁለቱን ራጆች ጎን ለጎን አስቀምጦ አያቸው፤ «ያኛው የማሽን ስህተት ነበር፣ አንቺ ደህና ነሽ» ብሎ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጣት።

ከዚህ ቀጥሎ የምነግራችሁን ሳስበው ዛሬም አፍራለሁ። እኛ ደስ አለን! ፋጡማ ዶሮ ሠራች፣ ሰው ጠራች። እሷስ ካርዷ ስለተረፈላት ይሁን። እኔ ምን ሆኜ ነው? ወገኖቼ፣ እኔ ያንን ወረቀት አመንኩት። ፋጡማ ተመርምራ እኔ የዳንኩ መሰለኝ። ወረቀቱን «ለእኔ ስጪኝ» ብዬ ለምኜ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሳሉ ሲያስጨንቀኝ አውጥቼ አየዋለሁ። አረብኛ ማንበብ አልችልም፣ ማኅተሙን ነበር የማየው። ሰው በጣም ሲደክመው እንዲህ ይሆናል፣ የሚያሳርፈውን ያምናል።

በዚያው ስምንት ወር ሠራሁ። አንድ ቀን ነጭ እብነ በረድ ደረጃ እያጸዳሁ ማሽን አልነበረም፣ ቧንቧም አልነበረም። ሳልኩ፣ ደም ወጣ። ነጩ ደረጃ ላይ! ማዳሟ ከላይ ቆማ ታየኛለች። «ኸላስ» አለች፣ አበቃ ማለቷ ነው። ቦርሳዬን በእግሯ ወደ በሩ ገፋችው። ማዳሞቹ ሁሉ ይተዋወቃሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ስልኬ አልጮኸም። ሁለት ሳምንት እያየሁት ተቀመጥኩ፤ የደወለልኝ አንድም ቤት አልነበረም። ለፖሊስ እጄን ሰጥቼ ወደ አገሬ ተሸኘሁ።

ኮሶዬ ስደርስ እናቴ አላወቀችኝም። «ምነው ልጄ፣ ምን አገኘሽ?» ብላ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው። ጠበል ወሰደችኝ። እዚያ ያሉት አባት ሳሌን ሰምተው «ጠበሉንም ጠጪ፣ ሐኪም ዘንድም ሂጂ ልጄ» አሉኝ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። እኔ ግን ወረቀቴን አወጣሁ። «ተመርምሬያለሁ አባ፣ ደህና ናት ይላል» አልኩ። ለእናቴም ያንኑ አሳየኋት፣ ማኅተሙን ስማ መለሰችልኝ። ውስጤ ግን ይፈራ ነበር። የሳንባ በሽታ አለባት ከተባለ ማን ያስጠጋኛል? ታናሽ እህቴንስ ማን ያገባታል?

የኮሶዬ ብርድ ሲብስብኝ ሥራ ፍለጋ ወደ አዘዞ ወረድኩ። አንድ ምግብ ቤት ዕቃ አጣቢ ይፈልጋል። ባለቤቱ «የጤና ወረቀት አለሽ?» አለኝ። ሌላ ምን አለኝ? ያንኑ ሰጠሁት። አረብኛ የሚያውቅ ደንበኛ ጠርቶ አስነበበው። «ፋጡማ ትባላለች፣ ሳንባዋ ንጹሕ ነው ይላል» አለው ሰውየው። ባለቤቱም «በይ ፋጡማ፣ ሽርጥ ልበሺና ግቢ» አለኝ። እኔም ገባሁ። በአገሬ፣ በሁለት ሰዓት መንገድ ርቀት እናቴ እያለች፣ ፋጡማ ሆንኩ። እዚያም ሥራው የቀን ነው። አንድ ቀን ከቀረሁ ሌላ ሴት አለች። እዚያም ሳሌ ሲመጣ ቧንቧ እከፍታለሁ። ሰው በሚበላበት ዕቃ ላይ እስል እንደነበረ ሳስብ ዛሬም እግዚአብሔርን ይቅር በለኝ እላለሁ። ይቅር ባይ ነው፣ ስሙ ይባረክ።

የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ እትዬ ትርንጎ ነበረች። ያቻትና፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ፊቷን ሸፍና ትስቃለች። የሰው ልብስ አጥባ ነው የምታድረው። አንድ እሑድ «ፋጡማ፣ ነይ ቤተ ክርስቲያን አብረን እንሂድ፣ ባይሆን ቁጭ ብለሽ ታርፊያለሽ» አለችኝ። ያመጣኝ ጌታን መፈለግ እንዳይመስላችሁ። ቁጭ ብለሽ ታርፊያለሽ ያለችው ነው ያመጣኝ።

ከኋላ ተቀመጥኩ። ለመሳል እንዴት ያለ ሸጋ ቦታ መሰላችሁ! ከበሮው አለ፣ ጭብጨባው አለ፣ ሃሌሉያው አለ። መዝሙሩ ከፍ ሲል እስላለሁ፣ ዝቅ ሲል አፌን እይዛለሁ። ሦስት እሑድ እንዲህ አመለክኩ። እናንተ እጃችሁን ወደ ላይ ስታነሡ እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ እጎስር ነበር።

በአራተኛው እሑድ የታመመ ይምጣ ተባለ። እትዬ ትርንጎ ክርኔን ይዛ አስነሳችኝ። አያ ተገኘ፣ ሽማግሌያችን፣ የደረቴን ሲርሲርታ ሰምተው እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ።

«ስምሽ ማን ነው ልጄ?»

«ፋጡማ።»

አያ ተገኘም በሙሉ ድምፃቸው «ጌታ ሆይ፣ ይችን ፋጡማን ሳንባዋን ዳስስ፣ ፈውሳት!» ብለው ጸለዩ። እናንተም ሙስሊም እህት መጣችልን ብላችሁ በእልልታ አዳራሹን አናጋችሁት። ታስታውሳላችሁ አይደል? የቄስ ልጅ ልጅ መካከላችሁ ቆማ፣ የመስቀል ንቅሳቷን በሻሽ ሸፍና፣ ስትንቀጠቀጥ መንፈስ የነካት መሰላችሁ። የሐፍረት መንቀጥቀጥ ነበር፣ ወገኖቼ። ያን ጊዜ ነው ወለል ያለልኝ። ለክሊኒኩ የሰውን ካርድ ሰጠሁ፣ ለምግብ ቤቱ የሰውን ወረቀት ሰጠሁ፣ አሁን ደግሞ ለእግዚአብሔር የሰውን ስም ሰጠሁ። ጸሎቱ ባሕር ተሻግሮ ሳንባዋ ደህና ወደሆነችው ሴት ሄደ፣ እኔም ሳሌን ይዤ ቀረሁ ብዬ አሰብኩ።

በማግስቱ ሰኞ ጠዋት ከሥራ በፊት ግቢ ውስጥ ፊቴን ስታጠብ ሻሼን አውልቄ ነበር። እትዬ ትርንጎ በልብስ መዘፍዘፊያዋ ላይ ጎንበስ እንዳለች ቀና ብላ አየችኝ።

«ፋጡማ፣ አንገትሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ሻሼን አንስቼ አንገቴ ላይ ጠቀለልኩ።

«ሌላም ነገር አለ» አለችኝ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። «አንቺ ከበሮ ሲመታ ብቻ ነው የምትስዪው። አራት እሑድ አጠገብሽ ተቀምጫለሁ። ከማን ነው የምትደበቂው?»

ከማን ነው የምትደበቂው ስትለኝ እዚያው ቧንቧው ሥር ቁጭ አልኩ። ውሃው ተዘግቶ ነበር፣ አልከፈትኩትም። እስኪበቃኝ ሳልኩ። እንዲያ ያለ ሳል በፈቃዴ በሰው ፊት ከሳልኩ ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖኝ ነበር። ደሙንም አየች። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ካርዱን፣ ራጁን፣ ዶሮውን ሁሉ። ስጨርስ እትዬ ትርንጎ ምን አለች? «ታዲያ ትናንት አያ ተገኘ ማንን ነው ሲያድኑ የዋሉት?» አለችና ሳቀች፣ እኔንም አሳቀችኝ። ከዚያ አለቀሰች። የሰው ልብስ ውሃ ውስጥ እንደተዘፈዘፈ ትታ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ።

መዝገቡ ጋ ያለችው ሲስተር ቀና ሳትል «ስም?» አለችኝ። እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ከኋላዬ ሰልፍ አለ። ውባለም ካልኩ ሥራዬ ሄደ፤ የጤና ወረቀቴ የፋጡማ ነዋ። ውባለም ካልኩ በሽታውም የእኔ ነው። ፋጡማ ካልኩ ደግሞ ያው እንደለመድኩት አንድ ስምንት ወር እኖር ይሆናል። «እህቴ፣ ስም!» አለች ሲስተር። እትዬ ትርንጎ ክርኔን ያዘች።

በልቤ «ጌታ ሆይ፣ ከእንግዲህ መደበቅ ደከመኝ» አልኩ። እንደ ጸሎት ከተቆጠረ የመጀመሪያው ጸሎቴ እሱ ነው።

«ውባለም» አልኩ።

«የአባት ስም?» አለችኝ። የአባቴን ስም ስናገር እንባዬ ወረደ። ሲስተር ግራ ተጋባች። «ምነው? የአባት ስም መናገር ያስለቅሳል እንዴ?» አለችኝ። ያስለቅሳል፣ ሲስተር!

አክታዬን ሰጠሁ። ውጤቱ ቲቢ ነው። ሐኪሙ አስቀምጦ ነገረኝ። «ይድናል። መድኃኒቱ በነፃ ነው፣ ስድስት ወር አንድም ቀን ሳታቋርጪ ትወስጃለሽ። ግን እጅግ ዘግይተሻል። የግራ ሳንባሽ ላይ የቀረው ጠባሳ ከእንግዲህ አይጠፋም» አለኝ። «በረኪና መስሎኝ ነው» አልኩት። «በረኪናውም የራሱን ሠርቷል» አለኝ። ስድብ ጠብቄ ነበር፣ አልሰደበኝም።

ምግብ ቤቱን ተውኩ፤ ለባለቤቱም እውነቱን ነግሬው ሠራተኞቹ እንዲመረመሩ አደረግሁ። ሲስተር «ለጊዜው ሰው የተሰበሰበበት አትግቢ» ስላለችኝ እዚህም አልመጣሁም። አንድ ከሰዓት አያ ተገኘና እትዬ ትርንጎ ወደ እኔ መጡ። በሬን ወለል አድርገው ከፍተው፣ ፀሐይ እየገባ፣ እሳቸው ደጃፉ ላይ ቆሙ። እትዬ ትርንጎ አስቀድማ ነግራቸው ነበር።

«እንደገና ንገሪኝ ልጄ፣ ስምሽ ማን ነው?»

«ውባለም ነኝ አያ። ያን ዕለት ዋሽቼዎታለሁ።»

«እኔን ነው የዋሸሽው። ጌታማ ገና ወደ ሰልፉ ስትገቢ አውቆሻል» አሉኝ።

ወገኖቼ፣ ጌታ ኢየሱስን የተቀበልኩት እዚያ ነው። በፍራሽ ላይ ተቀምጬ፣ በራሴ ስም፣ ከበሮ በሌለበት። አሁን እልል በሉ! አዎ፣ አሁን ነው! ሃሌሉያ! ክብር ለስሙ ይሁን!

እናቴ ከኮሶዬ ገብስና ቅቤ ይዛ መጣች። ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ አኮረፈች። «ከአያትሽ ሃይማኖት ወጣሽ?» አለችኝ። ከዚያ እትዬ ትርንጎ በየጠዋቱ ኪኒኔን እንደምታስውጠኝ አየች። «ምን ላድርግ፣ ልጄን የሚያኖሩልኝ ከሆነ ይሁን» አለች። እስካሁን እዚህ አልገባችም። እሷም ደክሟታል፣ አልገፋትም።

ስድስቱ ወር ሲያልቅ አክታዬ ንጹሕ ሆነ። ወረቀቱ ይኸው። በአማርኛ ነው፣ እኔ ራሴ አነበዋለሁ፣ ስሙም የእኔ ነው። ጌታ በመድኃኒት ፈወሰኝ፤ መድኃኒቱም የእሱ ነው፣ የእትዬ ትርንጎም እጅ የእሱ ነው። ሳንባዬ ሙሉ አልተመለሰም። ሥራም ገና ቋሚ አላገኘሁም፤ በሳምንት ሁለት ቀን ሰው ቤት አጸዳለሁ፣ በሩን ከፍቼ። ሲያመኝ ግን አሞኛል እላለሁ። ሁለት ቤት እንደዚያ ብዬ ቀርቶብኛል። ተመስገን፣ ይቅርብኝ።

አንድ ነገር ግን እረፍት ነስቶኝ ነበር። ፋጡማ! አንድ ክፍል ነው የኖርነው። የእኔን ሳል ስትተነፍስ ነበር ያደረችው። ደወልኩላትና «በእኔ ላይ የታየው እውነት ነበር፣ ተመርመሪ» አልኳት። «ቢገኝብኝስ? ይመልሱኛል እኮ» አለች። ፈራች። ወራት አለፉ። በየቀኑ እጸልይላታለሁ፣ በየቀኑም እፈራለሁ።

ያለፈው ሐሙስ በድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ካርዷን ስታሳድስ ራጅ አንስተዋታል። ንጹሕ ናት! ሳላስይዛት! አብራኝ በልታ፣ አብራኝ ተኝታ፣ ንጹሕ! መልሼ ስደውልላት እየሳቅሁ ሁሉንም ነገርኳት። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሰው ሁሉ በእሷ ስም እንደጸለየ፣ አያ ተገኘ ሳንባዋን ዳስስ ብለው እንደጮኹ ነገርኳት። እሷ ግን አልሳቀችም። «የማያውቁኝ ሰዎች? በስሜ?» አለችኝ። «አገሬ ውስጥ ስሜን ጠርቶ የሚጸልይልኝ ሰው አለ ማለት ነው?»

ፋጡማ ዛሬም ትሰግዳለች፣ እኔም ዛሬም እጸልይላታለሁ። ግን ይህን ስሙኝ። ያን እሑድ ጸሎታችሁ አድራሻ የሳተ መስሎኝ ስንት ወር አፍሬ ነበር። አልሳተም ወገኖቼ። ለእኔም ለእሷም ደርሷል።

አሁን ጨረስኩ። መዘምራን በኋላ ትዘምራላችሁ፣ ለጊዜው ከበሮውን ያዙልኝ። ጭብጨባውም ይቆይ። ከአረብ አገር የተመለሳችሁ፣ ከቀን ሥራ የመጣችሁ፣ ሥራ ይቀርብናል ብላችሁ ሕመማችሁን የምትደብቁ መኖራችሁን አውቃለሁ፤ እኔ ከኋላ ስለነበርኩ ከኋላ ያለውን አውቃለሁ። ጌታ አይቆጣም፣ በሌላ ሴትም አይተካችሁም። በእሱ ታመኑና በስማችሁ ኑ። እትዬ ትርንጎ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ትወስዳችኋለች፣ እኔም አብሬ እሄዳለሁ።

አሁን ትንሽ ዝም እንበል። በዚህ ዝምታ መካከል፣ ያፈናችሁት ሳል ካለ፣ ሳሉ።